ምስር በምስማር

ሰኞ ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይገባ

እታለም፣

ከሰላምታው በፊት ይቅርታው ይቅደም። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነባብቷል፤ የዘገየሁት ባዶ እጄን መልስ መጻፍ ስላላሰኘኝ ነው። አሁን እጄ ሞልቷልና በሙሉ አፌ እጠይቅሻለሁ። እንዴት ከርማችኋል? እማዬስ? ድንኳኑ ወገቧን አልጎዳትም?

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ርሶ ነው። የስልኩ ምሰሶ በጎርፉ ከወደቀ ወዲህ ፖስታ ቤታችን የጭነት መኪናው ሾፌር ኪስ ሆኗል። ሾፌሩ ደግሞ ወንዙ ጋ ወርዶ መኪናውን ሲገፋ ነበር መሰለኝ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም ሸሽቷል። መስኮት ላይ አድርጌ፣ የጠፋውን ፊደል እየገመትኩ አነበብኩት። ጎርፉ የማዋለጃ ክፍልሽን ጣሪያ እንደወሰደው፣ ዝናቡ ተመልሶ ከመምጣቱ በፊት ካልተከደነም ጤና ቢሮው ክፍሉን ዘግቶ አንቺን ወንዝ ማዶ እንደሚያዛውርሽ የጻፍሽው ግን አንድም ፊደል አልጎደለውም። ታዲያ የመንደሩ ሴት ሁሉ ምጥ ሲይዛት ወንዝ ልትሻገር ነው?

ወዲያው ለመንደሩ እርዳታ መለመን ጀመርኩ። መጀመሪያ የጸጉር ቤቴ መስታወት ላይ «ለጎርፍ ተጎጂዎች» ብዬ ጽፌ ለጠፍኩ። ማንም አላየውም፤ ሰው መስታወት ውስጥ ራሱን እንጂ ሌላ ነገር አያይም። ከዚያ ዘዴ ቀየርኩ። ደንበኛ ስላጭ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ቆም እልና «የእህቴን መንደር ጎርፍ ጠርጎታል» እላለሁ። እታለም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ምላጭ ስር እንዳለ ሰው ለጋስ በዚህ ዓለም የለም!

ከሁሉም ግን ያኮራኝ እህል ነጋዴው ነው። ታውቂው የለም እንዴ፣ ጸጉሩ ሦስት ፍሬ ሆኖ ለወሬ ሲል ብቻ የሚቆረጠው። «ምስር ላክልኝ» ያልሽበትን ሳነብለት «ምስር ነው ያለችው? ምስር ከሆነማ ለማን ትሄዳለህ!» ብሎ ተነሳ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ። መጋዘኑን ከፈተልኝ። ከጣሪያው በፊት የጣሪያ ሠሪዎቹ ሆድ እንደታየሽ ገብቶኛል፤ አንቺ መቼም ሁልጊዜ እንደዚሁ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ ግራ ገባን። «ያልዛገውን፣ ትልቁንም ትንሹንም ቀላቅለህ» ብለሻል። የዛገ ምስር ነጋዴውም በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። ያልነቀዘ ለማለት ነው ብለን አዲስ የገባውን መረጥን፤ ድፍኑንም ክኩንም ቀላቅለናል።

ከመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጋር የት ደረሳችሁ ብለሽ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ፤ ደንበኛ ገባ። ቤታችንስ እንዴት ነው? ስለሱ ምንም አልጻፍሽም።

ወንድምሽ

*

ሐሙስ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ጉልበቴ ላይ

ወንድምዓለም፣

ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ። ይህን ያስቀደምኩት የሚቀጥለውን ስታነብ ያመመኝ እንዳይመስልህ ብዬ ነው።

መኪናው ሲመጣ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። እንጨቱ ከየጭቃው ተጎትቶ ደርቋል፤ ቆርቆሮው ከየዛፉ ላይ ወርዶ ታጥቧል። የቀረን አንድ ነገር ብቻ ነበር። አናጢው መዶሻውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ከፊት ቆሟል። የመጀመሪያው ከረጢት ሲፈታ እጁን ከተተ፣ አወጣ፣ መዳፉን አየ። እንደገና ከተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ ይሄንን በመዶሻ ነው የምመታው ወይስ በማንኪያ?» አለኝ።

ምስማር ነው ያልኩህ፣ ወንድሜ። ምስማር! የቆርቆሮ ምስማር! ያ ወንዝ ቤት በልቶ፣ ድልድይ በልቶ፣ አልጠግብ ብሎ ከደብዳቤዬ ላይ ያቺን «ማ» በላት።

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። እማዬ ናት። «ልጄ ጣሪያውን ሊቀቅለው ነው» ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ጎርፉ ከመጣ ወዲህ ጥርሷን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አናጢው ሳቀ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ የት እንደሚደርስ የማይታወቅ ሳቅ ሆነ። እንግዲህ ምስርህ ገና ድስት ሳይገባ አንድ ሥራ ሠርቷል። ነጋዴውን በኔ ስም እጁን ሳምልኝ፤ እውነቴን ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ችግሩ ምስማር ላክ ብልህም አይደርስም። መኪናው ሲመለስ የተጠጋገነው ድልድይ ከኋላው ተደረመሰ። አሁን ሰው ገመድ ይዞ ይሻገራል እንጂ ጭነት አያልፍም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የክትባት ሠራተኛው ነው፤ ቦርሳውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ይመላለሳል፣ አንድ ቀን እንኳ ሲያማርር ሰምቼው አላውቅም።

የአናጢው ሚስት ቀኗ እየደረሰ ነው። ከዝናቡ ቀድማ ካልሆነ ከዝናቡ ጋር ነው የምትወልደው። በዚያ ሆዷ ገመድ ይዛ ስትሻገር አስበው! ባሏ ይህን እያሰበ እንጨቱን ይልጋል፣ የላገውን መልሶ ይልጋል።

ስለ ቤት የጠየቅከውን አይቼዋለሁ። አየሩ ጥሩ ነው፣ ፀሐይ አለ።

እህትህ

*

ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

እታለም፣

እንዴት ብዬ ዓይንሽን አያለሁ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ እዚህ አፍስሼ እናንተን እዚያ ለቃሚ አደረግኳችሁ። ይቅር በሉኝ። አናጢውንም ይቅር በለኝ በዪልኝ። ስመጣ ጺሙን በነጻ እላጨዋለሁ፣ ምላጩን ይዤ ምንም ላልለምነው።

ለነጋዴው ስነግረው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ሳይቆረጥ ወጣ። አኩርፎ ቀረ ስል ከአንድ ሰዓት በኋላ የብረታ ብረት ሱቅ ያለውን ጎረቤቱን በክንዱ ይዞት መጣ። በአንድ ደጃፍ ሰበብ ለዓመታት ተኮራርፈው የኖሩ ሰዎች ናቸው። «ሰው ጣሪያ አጥቶ እኔና አንተ ስለ በር እንጣላለን?» ብሎት ነው አሉ። ምስማሩ ይኸው ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ደንበኛ ሁሉ እየተደናቀፈበት ይገባል፤ በተደናቀፈ ቁጥር ታሪኩን እነግረዋለሁ፣ ታሪኩን የሰማ ደግሞ አንድ ነገር ሳይሰጥ አይወጣም። ድልድዩ በቆመ ማግስት እልከዋለሁ።

እስከዚያስ? በምስር ቆርቆሮ አይመታ!

ምስማር ምስማር ሲባል የአባባ ምስማር ትዝ አለኝ። በሩ አጠገብ፣ ኮቱን የሚሰቅልበት። እሱ ከሞተ በኋላ እንኳ እማዬ ማንንም አታሰቅልበትም ነበር። እኔ አንድ ቀን ቦርሳዬን ሰቅዬበት የቀመስኩት ጥፊ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ያፏጫል። እሱስ ደህና ነው? አየሩ ጥሩ ነው አልሽኝ፤ እኔ የጠየቅኩሽ ስለ ቤታችን ጣሪያ እንጂ ስለ ሰማዩ አይደለም።

የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ሰላም ብላሻለች። ለዛሬው ይኸው ነው።

ወንድምሽ

*

እሁድ፣ ከድስቱ አጠገብ

ወንድምዓለም፣

የላክልኝ ይቅርታ ደርሶኛል፤ ግን መልሰህ ውሰደው፣ እዚህ የሚፈልገው የለም። ምስርህን ምን እንዳደረግነው ልንገርህ።

ሐሳቡ የእማዬ ነው። ያንን ደብዳቤ በላክሁ ማግስት ተሰብስበን መላ ስናጣ፣ ሰው ሁሉ ወደየድንኳኑ አንገቱን ደፍቶ ሊበተን ሲል «ቁሙ!» አለች። «ምስማር የለንም ትላላችሁ። መንደሩ በሙሉ ምስማር ላይ አይደል የተኛው? ከነገ ጀምሮ ምስር የሚበላ ሁሉ ምስማር ይዞ ይምጣ። ምስር በምስማር!»

እውነቷን ነው። የፈረሰው ቤት ሁሉ ሳንቃ ጭቃው ውስጥ ነው፣ ሳንቃው ደግሞ ምስማሩን እንደያዘ ነው። ሰው እየረገጠው እኔ ጋ ሲመጣ ቁስል ስጠርግ ከርሜያለሁ፤ ግን ምስማሩ ለጣሪያ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። አሁን ከማለዳ ጀምሮ መንደሩ ኳ ኳ ይላል። አንዱ ይነቅላል፣ አንዱ በድንጋይ ያቀናል፣ አንዱ በአሸዋ ዝገቱን ያሻል። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን ጎርፍ ከወሰደበት ወዲህ ከድንኳኑ አይወጣም ነበር፤ አሁን ግን ከሁሉ የተሻለ አቅኚ እሱ ነው። «መርፌ ያቀና ጣት ምስማር አያቅተውም» ይላል። እማዬ ድስቱ አጠገብ ቆማ ምስማሩን አንድ በአንድ ታያለች። የጎበጠ ይዞ የመጣ ሳህኑ ላይ ጭልፋው አይወርድም። «ይሄ ቀጥ ያለ ነው!» ብሎ ሙግት፣ «ቀጥ ያለ ከሆነ ያንተም ምላስ ቀጥ ያለ ነው» ብላ መልስ። ሕጻን፣ በሽተኛና አራስ ብቻ ያለ ምስማር ይበላሉ።

ንፉግ እያልን ስናማው የኖርነውን ጎረቤታችንን ታስታውሰዋለህ? ባርኔጣውን በምስማር ሞልቶ መጣ። ስንት ሳህን እንቅዳልህ ብንለው «አንድ ይበቃኛል፤ የቀረው ጉልበት ላጣ ሰው ይሁን» አለ። አፈርኩ። ሰው ሲቸገር ይጠባል ያለው ማን ነው? እኔ ሲሰፋ ነው ያየሁት።

ጣሪያው ግማሹን አልፏል። አናጢው ቀን ሙሉ እዚያ ላይ ነው፤ ሚስቱ ከታች ተቀምጣ «አሁንስ ወፍ ሆንክ» ትለዋለች። ደመናው ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረበ ነው።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። እማዬ ድስቱን ታማስላለች እንጂ ከምስሩ አትቀምስም። «ምስማር የለኝም» ትላለች። ሽማግሌ አይመለከተውም ብንላት ተቆጣች። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ከሻርኩት ማን ያከብረዋል?» ሰው ምስማር ሊሰጣት ቢሞክር አትቀበልም፣ የራሴ ካልሆነ ብላ። በእርዳታ የመጣ ብስኩት በውሃ እያራሰች ትበላለች። እየከሳች ነው።

ስለ አባባ ምስማር ለጠየቅከው፣ ለጊዜው ሆድ ይፍጀው።

እህትህ

*

ረቡዕ፣ ሱቁን ዘግቼ

እታለም፣

ደብዳቤሽን ሱቁ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ፊቱን ግማሹን አረፋ የቀባሁት ሰውዬ እንባው አረፋው ላይ ወረደ፤ «ቀጥል፣ አንብብ» እያለ መላጨቱን ረሳው። በማግስቱ የአጥሩን ምስማር ነቅሎ፣ በቆርቆሮ ጣሳ ይዞልኝ መጣ። አቅንቶታል! እህል ነጋዴው አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየና «ይሄኛው ምስር ያሰጣል» አለ። እናንተ እዚያ ጭቃ ውስጥ ሆናችሁ እኛን እዚህ ሰው አደረጋችሁን። ይህን የምልሽ ልሸነግልሽ ብዬ አይደለም።

አሁን ግን ልቆጣ ነው። እማዬ ምስማር የላትም ትዪኛለሽ። ቤት ያለው ሰው ምስማር እንዴት ያጣል? አንዲት ሳንቃ፣ አንድ የመስኮት ጠርዝ ጠፋ? ሦስት ጊዜ ስለ ቤታችን ሸሸሽኝ፤ አንዴ ዝም አልሽ፣ አንዴ ስለ ፀሐይ አወራሽልኝ፣ አንዴ ሆድ ይፍጀው አልሽኝ። እኔ ሞኝ ነኝ፣ ምስማርን ምስር ብዬ አንብቤያለሁ። ያልተጻፈውን ግን ማንበብ አያቅተኝም። ካንቺ አፍ ልስማው። ካልነገርሽኝ ያንን ገመድ ይዤ እሻገራለሁ፣ ዋና እንደማልችል ታውቂያለሽ።

እዚህ ከትናንት ጀምሮ ሰማዩ ጠቁሯል። ጣሪያው ደረሰ?

ወንድምሽ

*

ዓርብ፣ ከጣሪያ ስር

ወንድምዓለም፣

ከላይ «ከጣሪያ ስር» ብዬ የጻፍኩትን አይተሃል? ቀለሙ እንዳይለቅ ደመቅ አድርጌዋለሁ።

ቤታችን የለም። የመጀመሪያው ቀን ነው የሄደው። ከበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ብቻ ቆሞ ቀረ፣ የአባባን ምስማር እንደያዘ። «ልጄ እዚያ ሆኖ በማይመልሰው ነገር አይቃጠል፤ ብትነግሪው አልወለድኩሽም» ብላ ያስማለችኝ እማዬ ናት። ዛሬ ከመሐላው ፈታኛለች። ይቅር በለኝ፤ ስለ ፀሐይ ስጽፍልህ እጄ ይከብደኝ ነበር።

በየማለዳው ተነስታ ትጠፋብኝ ነበር። ተከትያት ሄድኩ። ከግድግዳው ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ምስማሩን ታያለች። የራሷ ምስማር እሱ ብቻ ነበር፤ እሱን ላለመንቀል ነው ስትራብ የከረመችው። ሳታየኝ ተመለስኩ።

ምስማር የጎደለ እንዳይመስልህ። አልጎደለም፣ እንዲያውም ተርፏል። ትናንት አናጢው የመጨረሻዋን ቆርቆሮ መትቶ ወረደ፤ የምስሩም ከረጢት ተራገፈና የመጨረሻው ድስት ተጣደ። ሰዉ ሳህኑን ይዞ ተሰለፈ። እማዬ ጭልፋውን ለኔ ሰጥታ ሄደች። ትንሽ ቆይቶ ከሰልፉ መጨረሻ አየኋት፣ በአንድ እጇ ሳህን ይዛ፣ ሌላውን ጨብጣ። ሰው ቀድማ እንድትበላ ገለል ሲልላት «አይሆንም፣ ተራዬን ነው» ብላ ቆመች። ፊቴ ደርሳ መዳፏን ከፈተች። በአናጢው ጉጠት ራሷ ነቅላዋለች፤ ራሷ አቅንታዋለች። ቀጥ ያለ ነበር።

«እማዬ፣ ጣሪያው እኮ አልቋል» አልኳት።

«ምስሩ ግን አላለቀም» አለችኝ። ቀዳሁላት። እንባዬ ድስቱ ውስጥ እንዳይገባ ዞር ብዬ ነው የቀዳሁት። ሁለት ሳህን በላች፣ ጣቷን ላሰች፣ «ጨው አንሶታል» አለች።

አናጢው ምስማሩን ተቀብሎ አገላበጠው። «ይሄ ለቆርቆሮ አይሆንም፣ ረጅም ነው» አለ። ከዚያ ማዋለጃ ክፍሉ ገባና በሩ አጠገብ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ ግድግዳው ላይ መታው። ማንም አላዘዘውም።

ዝናቡ ዛሬ ጠዋት ጀመረ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፁ ሌላ ነው፤ ሰው ሁሉ ከየድንኳኑ ወጥቶ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል፣ እየረጠበ። አንዲት ጠብታ አላለፈችም። ከዝናቡ ጋር የአናጢው ሚስት ምጥ ያዛት። ባሏ ደግፏት ገባ። ኮቱ ርሷል፤ የሚያደርገው ቢጠፋው አወለቀና ምስማሩ ላይ ሰቀለው። እኔ ጥፊውን ጠበቅኩ። እማዬ ኮቱን አየች፣ አየችና ጠጋ ብላ ኮሌታውን አስተካከለችለት። «አባታቸውም ሁለቱን ስወልድ ኮቱን ሰቅሎ ነው የጠበቀኝ» አለችው። «ከዛሬ ጀምሮ ሚስቱ የምታምጥ ሰው ብቻ ነው እዚህ የሚሰቅለው። ሌላ ሰው ቢሰቅል ወዮለት!»

ሴት ልጅ ናት። ድምጿ ከዝናቡ በልጦ ተሰማ። አናጢው ኮቱን ረስቶት ወጣ።

የጤና ቢሮው ሰው ከሰዓት በኋላ ገመዱን ይዞ ተሻግሮ መጣ፣ ሊዘጋን። ጣሪያውን አየ፣ አራሷን አየ፣ እኔን አየ። ወሬያችን ወንዝ ማዶ ደርሶ ኖሮ፣ ሌላ ነገር ሳይናገር «ምስር ተርፏል ወይ?» አለን። ክፍሉ እዚሁ ይቀጥላል፣ እኔም የትም አልሄድም።

ምስማርህን ላክ። አሁን የየቤቱ ተራ ነው።

እህትህ

*

ቅዳሜ፣ ሻንጣ እያሰርኩ

እታለም፣

ስለ ቤቱ አለቀስኩ። ሱቁን ዘግቼ፣ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ራሴን በመስታወት እያየሁ አለቀስኩ። ከዚያ ስለ ኮሌታው ያለውን ደግሜ አነበብኩና ሳቅኩ። አንቺንና እማዬን የመሰለ ሰው ይዤ ቤት የለኝም ብል ፈጣሪም ይታዘበኛል።

ድልድዩ ተጠግኗል ይላሉ። ምስማሩ ነገ ይጫናል፤ እኔም ከምስማሩ ጋር እመጣለሁ። እህል ነጋዴው «አሁን ምስማር ብላ ብትጽፍም እኔ ምስሬን እጨምራለሁ» ብሎ ከረጢቱን ከላይ ደርቦበታል። መቀሱንና ምላጩን ይዣለሁ፤ የመንደሩን ጸጉር ቆርጬ ስጨርስ መዶሻ መያዝ ታስተምሩኛላችሁ።

አሁን የኔ ሆድ የፈጀውን ልንገርሽ። ከመድኃኒት ቤቷ ልጅ ጋር ጎርፉ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው ማዘጋጃ ቤት ሄደን ተፈራርመናል። በአካል መጥተን እማዬ እግር ላይ ወድቀን ልንነግራት ነበር ሐሳባችን። ከዚያ ውሃው መጣ። ድንኳን ውስጥ ላለች እናት የሠርግ ወሬ እንዴት ይጻፋል? ስለሷ ስትጠይቂኝ እኔም እንዳንቺ ስለ ፀሐይ አወራሁ።

አብራኝ ትመጣለች። እዚህ ከተማ ሐኪም ሞልቷል፤ እሷ ግን ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ካነበበች በኋላ ከዚያች ማዋለጃ ክፍልና ካንቺ እጅ ሌላ አልፈልግም ብላለች።

ለእማዬ ቀስ ብለሽ፣ በጆሮዋ ንገሪያት። ለኮቴም ምስማሩ ላይ ተራ ያዢልኝ።

ወንድምሽ